የማይናገረው ሕመምተኛ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢ! ለአንዲት ድመት ወይም ለአንዲት ላም ማዘን የኢማን ድክመት ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በየቤቱ የሚነሣና ብዙ ጊዜ በሳቅ የሚታለፍ ጥያቄ ነው። ትናንት ማታ ደኅና የነበረች ድመት ጧት ከጥግ ተኝታ፣ ዐይኗ ፈዝዞ፣ ውሃ አልቀበል ብላ ትገኛለች። ሲመሽ ሣሯን ስትበላ የነበረች ላም ሌሊት ሆዷ ተነፍቶ ስታቃስት ትሰማለች። ልጆች ያለቅሳሉ፤ እናት ትጨነቃለች፤ አባት ግን «ለእንስሳ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» ብሎ ይቆጣል። እሱም ቢሆን ፊቱን አዙሮ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ይሰማል። ታዲያ ትክክሉ ማን ነው? የሚያለቅሱት ናቸው ወይስ የሚቆጣው?

ይህ ጥያቄ በእኛ በዲላና በጌዴኦ ዞን የተለየ ክብደት አለው። የጌዴኦ ምድር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ገበሬው እንሰቱን፣ ቡናውንና የጥላ ዛፉን በአንድ ማሳ ላይ አሰባጥሮ ይተክላል፤ ይህ የአያት የቅድመ አያት ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንዲህ ባለ አገር ሰፊ የግጦሽ መስክ የለም። ስለዚህ ብዙው ሰው ያለችውን አንዲት ወይም ሁለት ከብት ከቤቱ አጠገብ አስሮ፣ ሣርና የእንሰት ቅጠል ቆርጦ በእጁ ያበላል። ይህች ላም በመንጋ የምትቆጠር አይደለችም፤ ጠባይዋ የሚታወቅ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚለይ፣ ልጆች በስሟ የሚጠሯት ናት። በከተማውም ቡናና እህል በሚቀመጥበት ቤት ሁሉ ድመት አትጠፋም። አይጥ ጠባቂ ሆና ትገባና ቤተሰብ ሆና ትቀራለች። እንስሳቱ ከእኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ካልሆነም በአንድ አጥር ውስጥ ይኖራሉ፤ ሲታመሙም ከእኛ ጋር ነው የሚታመሙት።

ስለ ማዘኑ እንጀምር። የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ልጅ ነበር፤ የሚጫወትባት ወፍም ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ሲመጡ ልጁ አዝኖ አገኙት። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁ ወፊቱ እንደ ሞተች ተነገራቸው። እርሳቸውም ልጁን በኩንያው ጠርተው ስለ ወፊቱ በለዘበ ቃል አጫወቱት። የታሪኩ መሠረት በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል፤ የወፊቱ መሞት ደግሞ በሌሎች ዘገባዎች ተገልጿል። ከሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኢብኑል ቃስ ከዚህ አጭር ሐዲስ ስድሳ ያህል ቁም ነገር አውጥተው ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውበታል። ከነዚያ ሁሉ መካከል እኛ አንዱን ብቻ እንያዝ፦ የአላህ መልእክተኛ የሕዝብ ጉዳይ ሁሉ በጫንቃቸው ላይ ሳለ፣ ወፍ ለሞተችበት ሕፃን ጊዜ ነበራቸው። «ወፍ እኮ ናት፤ ሌላ ትገዛለህ» አላሉትም። እንግዲህ ለእንስሳ ያዘነ ልብ የሚያሳፍር ሥራ አልሠራም። ሐዘኑ አላህ በልቡ ካስቀመጠው ራሕመት የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባቢ፣ እንባ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ስለ ታመመ እንስሳ የሚነሣው ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል አዘንን?» የሚል አይደለም፤ «በታመመ ጊዜ ምን አደረግንለት?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት የፈለግነውም ይኸው ነው።

ሰው ሲታመም «እዚህ ጋ ያመኛል» ይላል። ከትናንት እንደ ተሻለው ወይም እንደ ባሰበት ይናገራል። ቸል ብንለው ይወቅሰናል፤ ብናስታምመው ይመርቀናል። እንስሳ ይህ ሁሉ የለውም። ያለው ዐይኑና ዝምታው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ የመዲና ሰው የአትክልት ስፍራ ገብተው ሳለ አንድ ግመል ባያቸው ጊዜ አቃስቶ ዐይኖቹ እንዳነቡ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ከጆሮው ኋላ ዳበሱት፤ ግመሉም ጸጥ አለ። ከዚያ ባለቤቱን አስጠርተው፣ እንስሳው በረሃብና በሥራ ብዛት እንደሚያሠቃየው እንደ ነገራቸው ገለጹለትና አላህን እንዲፈራ መከሩት። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ባለቤቱ በየቀኑ ከግመሉ ጋር ነበር። ግመሉም ያን ቀን ብቻ አይደለም የተጎዳው። የሚያየው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ሥቃዩ ከፊቱ ላይ ነበረ። የማይናገር ሕመምተኛን ማስታመም የሚጀምረው በማየት ነው። መኖውን ስትተው፣ ከጓደኞቿ ስትለይ፣ ጆሮዋን ስትጥል፣ አፍንጫዋ ሲደርቅ ያየ ሰው ነገሩን ከመባባሱ በፊት ይደርስበታል።

ሌላም ነገር አለ። ሕመም ፍቅራችንን ከጥቅማችን ይለየዋል። ላም ወተት ስትሰጥ እንወዳታለን። ድመት አይጥ ስትይዝ፣ ማታ ከጉያችን ገብታ ስታሞቀን እንወዳታለን። ስትታመም ግን ወተቱ ይደርቃል፤ አይጡ በነፃነት ይሮጣል፤ የተወደደው ለስላሳ ጠጉር ይቆሽሻል፣ ይሸታል። ያን ጊዜ ምን ያህሉ ፍቅር እንደ ሆነ፣ ምን ያህሉ ጥቅም እንደ ነበረ ይታወቃል። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን መብት ሲዘረዝሩ፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ቀለቡ በባለቤቱ ላይ ግዴታ መሆኑን አስፍረዋል። ይህ ከተጻፈ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ያረጀ አህያ ከመንገድ ዳር ይጣላል፤ የታመመች ድመት በጆንያ ታስራ ከወንዝ ማዶ ትለቀቃለች። የጣላት ሰው «አልገደልኳትም» ይላል። አስሮ በረሃብ ስለ ገደላት ድመት ምክንያት እሳት ስለ ገባችው ሴት የሚናገረውን የታወቀ ሐዲስ ግን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል።

እንግዲህ ማስታመም ግዴታ ከሆነ፣ እንዴት? በመጀመሪያ በዕውቀት። አላህ (ሱ.ወ.) በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። መድኃኒት ግን የሚያውቀውን ይፈልጋል። ያለ ዕውቀት የሚደረግ ርኅራኄ ሊገድል ይችላል። ለምሳሌ ብዙ ሰው ድመቱ ስትታመም ለራሱ የሚወስደውን ፓራሲታሞል ሰባብሮ ይሰጣታል። ለሰው ራስ ምታት የሚያስታግሰው ይህ መድኃኒት ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። ሆዷ ለተነፋ ላም በግድ በጉሮሮዋ የሚፈስ ነገርም ወደ ሳንባዋ ገብቶ ሌላ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ድመት በድንገት ስትንዘፈዘፍ ወይም ደም ስታስመልስ ደግሞ በቤትም ሆነ በጎረቤት የአይጥ መርዝ ተደርጎ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል፤ መርዝ የበላች አይጥ የያዘች ድመት አብራ ትመረዛለችና። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ባለበት እሱን መጠየቅ፣ ርቆ ከሆነም በሰው ልኮ ወይም በስልክ ማማከር ያስፈልጋል። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ሰበብ ማድረስ ነው። ተወኩልም ቢሆን ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው እንጂ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም።

«የእንስሳ በሽታ ከመጣ ምን ይደረጋል? ቀደር ነው» ለሚሉ ወንድሞች ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር እናስታውሳቸው። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ታላቅ ረሃብ አንዱ መነሻው በአማርኛ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር። በሽታው በምጽዋ በኩል ገብቶ አገሪቱን አዳረሰ፤ ከብቱን አብዛኛውን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። የዚያን ዘመን ሰው መከላከያ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ግን ሰዎች ክትባቱን ፈልገው አገኙት። በአገራችንም በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሐኪም ሊደርስባቸው ባልቻለ የአፋር በረሃዎች፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚችለውን ክትባት ተሸክመው በእግራቸው እየዞሩ ከብቱን ከተቡ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ። አገር ያጠፋው በሽታ በቀደር መጣ፤ ክትባቱም በቀደር መጣ። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ሶብር የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው መሸከም ነው፣ ሁለተኛው መሥራት ነው።

ሁለተኛው ግዴታ ደግሞ ሐዘናችን ሌላውን እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ነው። የታመመ ግመል ያለው ሰው ጤነኛ ግመል ካለው ሰው ዘንድ እንዳያመጣው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። ይህ ማለት የታመመችውን ላም ለብቻዋ ማሰር፣ የታመሙትን ዶሮዎች መለየት፣ ፈንግል የገባበትን ቤት ዶሮ ገበያ አለማውጣት ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ፈተናው። ላሟ የቤቱ ሀብት ሁሉ ልትሆን ትችላለች። ጎረቤትም «ሳትሞት እረዳት፣ ቢያንስ ሥጋዋ ይትረፍ» ይላል። ነጋዴም በግማሽ ዋጋ ሊወስዳት በር ላይ ይቆማል። ያ ድሃ አባት በዚያ ሰዓት ያለበትን ጭንቅ የምንንቅ አይደለንም። ሆኖም እናስብ። ማረድ ሥጋን ሐላል ሊያደርግ ይችላል፤ በሽታን ግን ከሥጋ አያወጣም። አባ ሰንጋ የያዘው ከብት በድንገት ወድቆ ይሞታል፤ ሥጋውን የነካም የበላም ሰው ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። በድኑ ሲከፈት ወደ መሬት የሚገባው ተውሳክ ለብዙ አሥርት ዓመታት አፈሩ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በድንገት የወደቀ ከብት ሳይከፈት፣ ሳይገፈፍ፣ በጥልቁ እንዲቀበር ባለሙያዎች ይመክራሉ። ሕመሙን ደብቆ መሸጥም በውስጡ የራሰውን እህል ከላይ በደረቅ እንደ ሸፈነው ነጋዴ መሆን ነው፤ ያንን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዴት እንደ ገሠጹት አንባቢ ያውቃል። የራሱን ልጅ ሥጋውን የማያበላ ሰው ለጎረቤቱ ልጅ እንዴት ይሸጣል?

ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በውሻ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ድመትንም ይይዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም ሆነ እንስሳን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ያለ ምክንያት የሚነክስ እንስሳ ምንም ቢወደድ ልጅ ሊያቅፈው አይገባም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ክትባቱ የሚጠቅመው ምልክቱ ሳይመጣ ነውና። ውሻን ለጥበቃ የያዘ ሰውም ቀድሞ ማስከተብ አለበት። አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ፍቅር እንስሳው ሳይታመም የሚደረግ ነው።

መዳን ለማይችልና ለሚሠቃይ እንስሳስ ምን ይደረጋል? የሚታረድ ዓይነት ያልሆነውን ሕይወቱን ስለ ማሳጠር ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ስለዚህ በቅርብ ያለ ዓሊምንና ሐኪምን አንድ ላይ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፦ አላህ በማንኛውም ነገር ላይ ኢሕሳንን ደንግጓል፤ በማረድም እንኳ ቢላዋ እንዲሳል፣ እንስሳው እንዲያርፍ ታዝዟል። አደገኛ የሆነውን ውሻ ማስወገድ የግድ ቢሆን እንኳ ሕፃናት እየተጯጯሁ በድንጋይ የሚወግሩት ውሻ ሸሪዓ የተፈጸመበት አይደለም። ጭካኔ የተፈጸመበት ነው፤ ጭካኔውን የተማሩትም ልጆቻችን ናቸው።

ልጆች ካልን አንድ ነገር ላጫውትዎ። በማስተምርበት መድረሳ አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ ኋላ ቀረችና «ኡስታዝ፣ ለድመት ዱዓ ይደረጋል?» አለችኝ። «ይደረጋል፤ የድመቷም ጌታ እሱ ነው» አልኳት። በማግሥቱ መጣች። ድመቷ ሌሊቱን ሞታ ነበር። «ዱዓዬ አልተሰማም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ሙስሊም የለመነው ልመና ወይ ይሰጠዋል፣ ወይ ለአኺራ ይቀመጥለታል፣ ወይ በምትኩ ክፉ ነገር ይመለስለታል ተብሎ በሐዲስ የመጣውን ነገርኳት። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና «እኔ እኮ ለራሴ አይደለም የለመንኩት፤ ለሷ ነው» አለች።

ውድ አንባቢ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከዓሊሞች አፍ ሊወጣ የሚገባ ጥያቄ ነው። እኔም የመለስኩላት አጭር ነው፦ «የፈጠራት አላህ ካንቺ ይልቅ ያዝንላታል፤ ማንንም አይበድልም። ሌሊት ምን እንዳደረገላት ግን አልነገረንም።» ከዚህ በላይ አልጨመርኩም። «ጀነት ትጠብቅሻለች» ብዬ አላውቅም የምለውን ነገር ቃል አልገባሁላትም። እንስሳት በቂያማ ቀን እንደሚሰበሰቡ፣ ቀንድ ለሌላት በግ እንኳ ከቀንዳሟ በግ መብቷ እንደሚመለስላት ተነግሮናል፤ ይህ ለአንድ ልጅ ልብ የሚበቃ ፍትሕ ነው። ወላጆችም «ድመቷ ጠፋች» ብለው አይዋሹ። ልጅ ውሸቱን አንድ ቀን ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ከድመቷ ሌላ በወላጁ ላይ ያለውን እምነትም ያጣል። ይልቅ ውሃ እንዲያቀርብ፣ ሲቀበርም አፈር እንዲያለብስ ያድርጉት።

በአካባቢያችን እንስሳ የሞተበትን ሰው የሚያጽናኑት «ጉዳቱ በእንስሳ ይለፍ፤ በሰው አይምጣ» እያሉ ነው። ቃሉ ከክፋት አይባልም፤ የሰው ሕይወት የበለጠ ክቡር መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ያቺ ድመት የእኛን ሞት ልትሞትልን እንደ ተፈጠረች የሚያስረዳ ነገር በእጃችን የለም። እንስሳትና አእዋፍ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ሱረቱል አንዓም ይነግረናል። የራሳቸው ዕድሜ፣ የራሳቸው ሲሳይ አላቸው። ስለዚህ ከዚያ የሚሻለው ማጽናኛ እኛም እሷም የአላህ መሆናችንን፣ ወደ እሱም ተመላሽ መሆናችንን ማስታወስ ነው።

የተቸገረ ሰውም አይጨነቅ። ለልጁ ደብተር የያዘውን ብር ለድመት ሕክምና እንዲያወጣ ማንም አላዘዘውም፤ አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ይሁን እንጂ ብር የማይጠይቅ ብዙ ነገር አለ፦ ንጹሕ ውሃ፣ ጥላ፣ ጸጥ ያለ ጥግ፣ ዝንብና ጉንዳን መከላከል፣ ልጆች እንዳይነካኩት መጠበቅ። ውሻን ውሃ ያጠጣው ሰው የከፈለው ገንዘብ አልነበረም፤ ወደ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀዳ፣ ምሕረትም አገኘ። የሚቻለውን ያደረገ ሰው በኋላ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያለ ራሱን አይብላ፤ ያ ቃል ለሸይጧን በር ይከፍታል ተብሏል።

አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ሞት ሲቃረብ ለግመላቸው ከአቅሙ በላይ እንዳልጫኑበት እየነገሩ፣ ነገ በጌታው ፊት እንዳይከሳቸው እንደ ለመኑት ይነገራል። እኒያ ሶሓባ የማይናገረው እንስሳ አንድ ቀን እንደሚናገር ያውቁ ነበር። ዛሬ ከቤትዎ ጥግ የተኛው ሕመምተኛ ሊያመሰግንዎ አይችልም፤ ማንም ሰው አያይዎትም። ያም ሆኖ ውሃውን ያቅርቡለት።

አላህ ለደካማ የሚራሩ ልቦችን ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።